የሄሊና ቃል

ሮሃ የአልጋዋን ብረት አልለቅም አለች። ብርቄ አንዱን እጇን ስታላቅቅ ሌላው ይጨብጣል፤ እሱን ስታላቅቅ የመጀመሪያው ተመልሶ ይይዛል። የሞቀው ውሃ በባልዲ ቀርቧል፤ ፎጣውና የሚቀየረው ቀሚስ ወንበር ላይ ናቸው። የክፍሉ ዘጠኝ ሴቶች ከቁርስ በፊት ታጥበው ማለቅ አለባቸው።

“ተይ እንጂ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል” አለች ብርቄ። “ምን ሆነሽብኛል ዛሬ?”

ሮሃ ብረቱን ይበልጥ ጠበቅ አደረገች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የምታወጣቸው ቃላት ግን ከአራት ከአምስት አይበልጡም። ሌላ ጊዜ ባልዲው ገና በር ላይ ሲታይ ትስቅ ነበር። በመጨረሻ እጇ ሲዝል ለቀቀች፤ ብርቄም አጠበቻት። ከክርኗ ከፍ ብሎ ጣቶች ያረፉበት የሚመስል የበለዘ ቦታ አየች። ወድቃ ይሆናል አለች በልቧ። ሮሃ ብዙ ጊዜ ትወድቃለች። ያደረችበትን ቀሚስ በረኪና ያለበት መዘፍዘፊያ ውስጥ ጨመረችው፤ አንሶላውን ከሰዓት ለሚታጠበው ጠቅልላ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

ብርቄ እዚህ መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ማዕከሉ ከጉርድ ሾላ ዋና መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ የአእምሮ ወይም የአካል ጉዳት ኖሮባቸው ጠያቂ ዘመድ የሌላቸው ሴቶች የሚኖሩበት የመንግሥት መንከባከቢያ ነው። ግቢው ያረፈበት ቦታ ድሮ የአባቷ የጤፍ ማሳ ነበር። መሬቱ ሲወሰድ ለተነሺ ገበሬ ልጆች ሥራ ይሰጣል ተባለ፤ ከአምስት ልጆች መካከል ሥራ የደረሰው ለእሷ ብቻ ነው። አባቷ እስኪሞት ድረስ “ሥራ እንዴት ነው?” ብሎ ጠይቋት አያውቅም። “መሬቱ እንዴት ነው?” ነበር የሚላት።

የሚቀጥለው አልጋ የሄሊና ነው። ሄሊና ሠላሳ ዓመት ሞልቷታል። ስትወለድ በደረሰባት ጉዳት እጅና እግሯ እንደ ልብ አይታዘዟትም፤ የሚሆነውን ሁሉ ግን ከማንም በላይ ታስተውላለች። ቃል ከአፏ የሚወጣው በትግል ነው። በግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የእሷን ንግግር የመጨረስ ልማድ አለው። “ው…” ካለች ውሃ ይሰጧታል። “በ…” ካለች በርዷት ነው ተብሎ ይደረብላታል። ብዙ ጊዜ ልትል የፈለገችው ሌላ ነው። ግን ይደክማትና ትተወዋለች።

“እት…ዬ ብ…ርቄ።”

“አቤት፣ ጠማሽ?”

ሄሊና ራሷን በአሉታ ወዘወዘች። “ቁ…”

“ቁርስ ደርሷል፣ አሁን ይመጣል።”

“ቁ…ልፍ።”

ብርቄ ፎጣውን እንደያዘች ቀጥ አለች። “የምን ቁልፍ?”

ሄሊና ዐይኗን ወደ ሮሃ አልጋ አዞረች። ሮሃ ግድግዳውን ታቅፋ ተኝታለች፤ ጀርባዋ ብቻ ይታያል።

ብርቄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከሄሊና ሌላ ያልታጠቡ ሰባት ሴቶች ይጠብቃሉ። ኮሪደሩ ላይ የቁርሱ ጋሪ ይንቋቋል። ሄሊና ጀመረች፤ ብርቄም ሳትቀድማት ጠበቀች።

ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሲሰበሰብ ግን አጭር ነገር ነው። ትናንት የማታ ተረኛዋ ሄኒ ልጇ ታሞባት ቀርታለች። የንብረት ክፍሉ ቴድሮስ “እኔ እሸፍንላታለሁ” ብሎ ገባ። በሩን ከውስጥ ቆልፎ ወደ ሮሃ ሄደ። ሮሃ “እንቢ” አለች፤ ደጋግማ አለች። ሄሊና ልትጮህ ስትሞክር መጥቶ አፏን በትራስ አፈነና “አንቺን ማን ይሰማሻል?” አላት።

“ትናንት ብቻ ነው?”

“ሦ…ስት። ሦስ…ተኛው ነው።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ ሄሊና?”

ሄሊና ትንፋሽ ሰበሰበች። “በ…ሩ አል…ኩሽ። ብ…ርድ ልብስ ደ…ረብሽልኝ።”

ብርቄ እንባ ይመጣል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። ተነስታ ወደ መዘፍዘፊያው ሄደችና ቀሚሱን አወጣችው። በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልቀረበትም። አንሶላውን ግን ማንም አልነካውም። ንጹሕ ማዳበሪያ ፈልጋ ከተተችው፤ አፉን አስራ ከራሷ ቦርሳ ጋር ቁምሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ተመልሳ ሄሊናንና የቀሩትን ሰባቱን አጠበች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል። ያጎርሳል፣ ያብሳል፣ የቀሚስ ቁልፍ ይቆልፋል። እሷ ከሩቅ ሆና እጇን የምታየው ይመስላት ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባች። አቶ ላጲሶ ክፉ ሰው አይደሉም። የጎደለ መድኃኒት ከኪሳቸው የሚገዙበት ጊዜ አለ፤ እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን አምጥተው ለሴቶቹ ያስዘምራሉ። የተነገራቸውን እስከ መጨረሻው ሰሙ። መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ።

“ሌላ ሰው ሰምቷል?”

“እኔና ሄሊና ነን።”

“ጥሩ። እንግዲህ ተረጋግተን እንየው። ሮሃ መናገር አትችልም። ሄሊናን ደግሞ ታውቂያታለሽ። ፍርድ ቤት ቆማ አንድ ዓረፍተ ነገር እስክትጨርስ ዳኛው ይጠብቃታል?”

“እኔ ጠብቄያታለሁ።”

“አንቺ ዳኛ አይደለሽም፣ ብርቄ።” ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። “በሚቀጥለው ሳምንት ከላይ ገምጋሚ ይመጣል። ይህ ነገር ከተሰማ ማዕከሉን ይዘጉታል። ስልሳ ሰው የት ይወድቃል? እኔ የምልሽ፣ ሰውየውን ከዚህ ላንሣው። ዛሬውኑ የዝውውር ደብዳቤ እጽፋለሁ።”

“ወዴት?”

“ወደ አረጋውያኑ ማዕከል። እዚያ የንብረት ሠራተኛ ይፈልጋሉ።”

ብርቄ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማህተም አየች። ቴድሮስ የመጣ ሰሞን ትዝ አላት፤ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት። ከየት እንደመጣ እንጂ ለምን እንደመጣ ማንም አልጠየቀም ነበር።

“እኛ ጋ እንዴት ነበር የመጣው፣ አቶ ላጲሶ?”

ኃላፊው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

“በዝውውር ነው አይደል?” አለች።

“ምክንያቱን እኔ አላውቅም። ደብዳቤው ላይ ‘ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል’ ነው የሚለው።”

“የእርስዎስ ደብዳቤ ምን ሊል ነው?”

ኃላፊው እስክሪብቶ አንሥተው አስቀመጡ። “እስከ ነገ እናስብበት” አሉ በመጨረሻ። “አንቺም አስቢበት። ይህን ሥራ እንዴት እንዳገኘሽው ታውቂያለሽ። ዛሬ ብትለቂው ነገ በሰልፍ አታገኚውም።”

“ሮሃ ግን ሐኪም ቤት መሄድ አለባት። የመውጫ ወረቀት ይፈርሙልኝ።”

“ነገ አልኩሽ እኮ።”

ከቢሮው ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳው አለ። ጥቃት የደረሰባት ሴት ወዲያው፣ ቢዘገይ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ወደ ሆስፒታል እንድትሄድ የሚመክር ወረቀት ተለጥፎበታል። ፀሐይ አገርጥቶታል። ብርቄ ለዓመታት በአጠገቡ አልፋለች። የተጻፈውን ሆስፒታል ስም አንብባ ስልኳን አወጣችና መኪና ጠራች።

የንብረት ክፍሉ በር ክፍት ነበር። ቴድሮስ ሳሙና እየቆጠረ ለጽዳት ሠራተኞች ያድላል። ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው፤ ሲያያት ከወንበሩ ብድግ አለ።

“ብርቄ፣ የዚህ ወር ጓንትሽ መጥቷል። ውሰጂ” አላት።

እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። ለምን እንደተቀበለችው ኋላም አልገባትም። “እግዜር ይስጥልኝ” ማለቷን ራሷ ሰማች።

የሄሊናን ተሽከርካሪ ወንበር በአንድ እጇ እየገፋች፣ ሮሃን በሌላ እጇ ይዛ፣ ማዳበሪያውን የሄሊና ጭን ላይ አድርጋ በሩ ጋ ደረሰች። ዘበኛው ጋሽ ኣባይ መዝገባቸውን ይዘው ወጡ። አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ ከማንም ጋር ሲያወሩ ፊታቸውን አዘንብለው ነው።

“ወረቀት?”

“የለኝም፣ ጋሽ ኣባይ።”

“ያለ ወረቀት ነዋሪ አይወጣም። አንቺ አይደለሽ እንዴ ባለፈው ለዚያች አዲሷ ሠራተኛ ያስረዳሽው።”

“አዎ። ሮሃ ተጎድታለች። ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው። አቶ ላጲሶ ነገ ብለውኛል።”

ሽማግሌው ሮሃን አዩ፤ ክንዷ ላይ ያለውን አዩ። ከዚያ ወደ ንብረት ክፍሉ አንድ ጊዜ ብቻ ገልመጥ አሉ። ብርቄ ይህን ልብ አለች። ያውቁ ነበር፣ ወይም ጠርጥረው ነበር። ልትጠይቃቸው አቅም አላገኘችም።

“መዝገቡ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?” አሉ።

“እንደሆነው ይጻፉት።”

ሰዓቱንና የሦስቱን ስም ጻፉ። ምክንያት በሚለው ቦታ “ሕክምና” ብለው ሞሉ። ብረት በሩን ሁለት ክንፉን ከፈቱት፤ መኪና ሲገባ ብቻ ነው እንዲህ የሚከፍቱት።

የመኪናው ሾፌር ወንበሩን አጣጥፎ ኋላ ጫነው። ኢምፔሪያል ሰፈር ሲደርሱ መንገዱ ተዘግቶ ቆሙ። ሮሃ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አሳርፋ የሚተላለፈውን ሰው ታያለች። ከዛሬ በፊት ከማዕከሉ ግቢ ከወጣች ዓመት አልፏታል። የብርቄ ስልክ ጠራ። ባለቤቷ ምልኬሳ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ካርጎ ውስጥ ጫኝ ነው፤ ለምሳ ሲወጣ ይደውላል።

“የት ነሽ? የመኪና ድምፅ ይሰማኛል።”

በአጭሩ ነገረችው። በኦሮምኛ ነገረችው፤ ሾፌሩ እንዳይሰማ ብላ ነበር። ኋላ ግን ሾፌሩ ሬዲዮውን ዝም አሰኝቶ፣ በመስታወት እንኳ ሳያያቸው ሲነዳ ስታይ እሱም ቋንቋውን እንደሚችል ገባት።

“ሥራሽን አስበሽበታል?” አለ ምልኬሳ።

“አስቤያለሁ።”

“የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያስ?”

“እሱንም አስቤያለሁ።”

ከስልኩ ወዲያ የሆነ ማሽን ሲያጓራ ትሰማለች። “እንግዲህ” አለ ምልኬሳ። “ስትጨርሺ ደውዪልኝ። መጥቼ እወስድሻለሁ።”

ሆስፒታሉ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የተለየ ክፍል አለ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሮሃ አጠገብ ተቀምጣ ምንም ሳትነካት ብዙ ቆየች፤ የልብ ማዳመጫዋን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻት፤ ሮሃ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ሐኪሟ ብርቄን መጠየቅ ጀመረች።

“ታጥባለች?”

“አጥቤያታለሁ። እኔ ነኝ ያጠብኳት።”

“ልብሷስ?”

“በበረኪና ዘፍዝፌዋለሁ። አላወቅሁም ነበር። አንሶላው ግን ይኸው፣ አልታጠበም።”

“አንሶላውን ማምጣትዎ ጥሩ ነው” አለች ሐኪሟ። ስለ ቀሚሱ ምንም አላለችም። ብርቄ ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

ምርመራው እስኪያልቅ ሮሃ የብርቄን እጅ እንደ አልጋው ብረት ጨብጣ ያዘች። ሐኪሟ እያንዳንዷን ነገር ከማድረጓ በፊት እየነገረቻት፣ ሮሃ “እንቢ” ስትል እያቆመች፣ ቀስ ብላ ጨረሰች። ጉዳት አለ አለች። ለፖሊስም ማስረጃው ይጻፋል።

ከሰዓት በኋላ የፖሊስ ልብስ የለበሰች ሴት ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ሳጅን ትብለጽ እባላለሁ አለች። ሄሊናን አየችና ፊቷን ወደ ብርቄ መለሰች።

“እርስዎ ያስረዱኝ፤ እሷ እንዳትደክም።”

“እሷ ናት ያየችው” አለች ብርቄ።

ሳጅኗ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ወንበሯን ወደ ሄሊና አስጠጋች። አንድ ሁለት ጊዜ ልትጨርስላት ስትል ሄሊና “አ…ይደለም” አለቻት። ከዚያ በኋላ አልጨረሰችላትም። መስኮቱ ላይ የነበረው ፀሐይ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሄሊና ላብ አጥምቋታል፤ አንገቷ ተገትሯል፤ ነገር ግን አላቆመችም። ትራሱንም፣ የተባለችውንም፣ ሦስቱንም ቀን ተናገረች።

“ሰውየው አሁን የት ነው?” አለች ሳጅኗ።

“ግቢ ነው” አለች ብርቄ። “ሄኒ ዛሬም ካልመጣች ማታ እሱ ነው የሚገባው።”

ሳጅኗ ወጥታ ስልክ ደወለች። ስትመለስ “ሳይመሽ ሰው ይደርሳል” ብላ ተቀመጠችና ጣቷን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች።

“አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጥቆማው በማዕከሉ ስም ነው ወይስ በግል? በማዕከሉ ስም ከሆነ የኃላፊው ደብዳቤ መያያዝ አለበት፤ እሱ እስኪመጣ አይመዘገብም፣ የእርስዎም ስም አይገባም። በግል ከሆነ አሁኑኑ ይመዘገባል፤ ግን ስምዎም አድራሻዎም ይገባል፣ ፍርድ ቤትም ይጠራሉ። ልብ ብለው ይመልሱልኝ።”

የብርቄ ስልክ ጭኗ ላይ ይንቀጠቀጣል። አቶ ላጲሶ ናቸው፤ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ሲደውሉ ስድስተኛቸው ነው። ሄሊና ዐይኗን ጨፍና ወንበሯ ላይ ተዘርራለች። ሮሃ ሐኪሟ የሰጠቻትን ብስኩት ይዛለች፤ ገና አልበላችውም።

“በግል” አለች ብርቄ። ስሟን እስከ አያቷ ነገረቻት፤ ሳጅኗ ስትጽፍም ፊደሉን እያየች አረመቻት።