የምልኬሳ ቤዝ

ፌናን ወንድሟ ምልኬሳ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን በቀዱት መዝሙር ላይ የተጫወተው ቤዝ ጊታር ተሰምቷት አያውቅም። «ተጫወትኩ ትላለህ እንጂ የታለ?» እያለች ታበሽቀዋለች።

ዛሬ የገርጂ ታክሲ ውስጥ፣ እሱ እንዳሳያት የጆሮ ማዳመጫዋን ጫፍ ስፖንጅ በጣቶቿ አሽታ አቀጠነችው፤ ጆሮዋን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ከተተችውና አብጦ እስኪሞላ በጣቷ ያዘችው። የረዳቱ ጩኸት ጠፋ። መዝሙሩን ስትከፍተው ቤዙ መጣ፣ ደረቷን እያንቀጠቀጠ። ይሄ ጉድ እስከ ዛሬ የት ተደብቆ ነበር?

ሰፈሯ ሲደርሱ «ወራጅ አለ» አለች። ድምጿ ጭንቅላቷ ውስጥ እንደ ነጎድጓድ አስተጋባ፤ ታክሲው ግን አልፎ ሄደ። ስፖንጁን ስትነቅል አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ «ልጄ፣ ለማን ነው የምታንሾካሹኪው?» አሏት።

ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርዳ ስፖንጁን መልሳ ከተተችና በእግሯ ተመለሰች። መዝሙሩ ሳያልቅ ቤቷ በር ላይ ደረሰች። አሁን ግን በሩን አውቃ አለፈችው።