አክስት ያወጣችው ስም

የሕፃኑ ስም ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው የባሏ እህት ካስቱር ከነጓዟ ስትመጣ ዳክሻን ደስ አላላትም። በሕንድ አገር፣ በጁናጋድ መንደሮች ለሕፃን ስም የምታወጣው የአባቱ እህት ናት፤ ይህን የሚከለክል የለም። ግን ስም ለማውጣት ሦስት ቀን ምን ያደርጋል? ካስቱር ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ ያላቀፈች ሴት ናት። ዳክሻ ደግሞ ሁለት ወንዶች ልጆች ቀብራለች፤ የሁለቱንም ስም ያወጣችው ይቺው ካስቱር ነበረች። አፍ ባይናገርም ልብ ይደምራል።

ስለዚህ በዓይኗ ትከታተላት ጀመር። አክስት አዲስ ልብስና የብር አልቦ ይዛ ነው የምትመጣው፤ ይቺ ያመጣችው አንገቱ የተበላ አሮጌ ሸሚዝ ነው። የማን እንደሆነ ብትጠየቅ፣ «የጎረቤት ልጅ የጠበበው» አለች። ካህኑ ስሙ በ«ከ» ይጀምር ካለ ወዲህ ዳክሻ «ክሪፓል በይልኝ» ብላ ብትወተውታትም ካስቱር ወሬ ትለውጣለች። ሰው ሕፃኑን ቆንጆ ሲለውማ ፊቷ ይጠቁራል። ቅናት ካልሆነ ምን ይሆናል?

በስሙ ቀን ማለዳ ግን ካስቱር ደጁን ጠርጋ፣ ከጥራጊው አንድ ጭብጥ ዘግና በልብሷ ጫፍ ስትቋጥር ዳክሻ አየቻት።

ሽንብራ ወደሚለቅሙት አማቷ ወደ ሞንጊ ሮጠች። «እማማ፣ ልጅዎ የደጃችንን አፈር ቋጥራለች።»

«ከቋጠረች ጉዳይ ይኖራታላ።» ሞንጊ ቀና አላሉም።

«ሁለቱን ልጆቼን የበላች እሷ ናት።»

«አፍሽን ሰብስቢ። ዛሬ ክፉ አይወራም።»

እሳቸውም ያውቃሉ ማለት ነው። ዳክሻ ከዚያ በኋላ ሕፃኑን ከእቅፏ አላወረደችም፤ ገላውን እንኳ በአንድ እጇ ይዛ አጠበችው።

ቀትር ላይ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። አራት ልጆች የቀይ ጨርቅ አራቱን ጫፍ ያዙ፤ በወጉ ሕፃኑ መሃሉ ላይ ተኝቶ እየተወዛወዘ ስሙ ይወጣል። ከሥሩ የሚነጠፈው የዋርካ ቅጠል ብቻ ነው። ካስቱር ግን ሕፃኑን ከዳክሻ ተቀብላ፣ ቋጠሮዋን ፈትታ ጥራጊውን ቅጠሉ ላይ በተነችው፤ ልጁንም እላዩ ላይ አስተኛችው። ጎንበስ ብላ በጆሮው ሹክ አለችና ለእንግዶቹ ጮክ ብላ፣ «ካችሮ» አለች። በአገሩ ቋንቋ ጥራጊ ማለት ነው።

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። ዳክሻ ዘልላ ልጇን ነጠቀች።

«ክሪፓል ነው! ቆንጆ ነው ልጄ፣ ንጉሥ የሚመስል ልጅ ነው። ይቺ መካን ቀንታ ነው።»

ካስቱር ስድቡን የሰማችው አትመስልም፤ የምታየው በሩን ነበር።

«ምነው ቀስ ብትይ፣ ዳክሻ። በሩ እኮ ክፍት ነው።»

«ይከፈታ። ማን እንዳይሰማ ነው?»

«ሁለቱን የወሰደው ሞት» አለች ካስቱር። «የጌታ ስም፣ የጀግና ስም መርጬ ጠራሁለት፤ ሰማና መጣ። አንቺ እኔን ጠረጠርሽ፤ እኔ ደግሞ ምላሴን። ይሄኛው ከጥራጊ የተነሣ፣ ማንም የማይመኘው ነው እንዲባል ብዬ ነው። ሸሚዙንም ሰባት ልጅ ካሳደገች ሴት ለምኜ ነው ያመጣሁት። እናት ቀድማ ካወቀች ግን አይሠራም።»

በክፍት በር ቆንጆ፣ ንጉሥ ብላ የጮኸችው ራሷ ዳክሻ ናት። አማቷ በመዳፋቸው ፊታቸውን ሸፍነዋል።

ሕፃኑን መልሳ ጥራጊው ላይ አስተኛችውና ወደ በሩ ዞረች። «ካችሮ ነው ስሙ» ብላ ወደ ውጭ ጮኸች። «አስቀያሚ ነው። እናቱም አልፈለገችውም።» የመጨረሻዋን ቃል ስትል እንባዋ ቀደማት።

«ማንም ካልፈለገው እኔ አነሣዋለሁ» አለች ካስቱር ቀስ ብላ። «ከጥራጊ ላይ የሚያነሣው ሌላ ሰው መሆን አለበት። እኔው ነኝ የማሳድገው፤ ጡት ብቻ ያንቺ።»

ይህን ያለችው ለወጉ ነው ወይስ ከልቧ? ዳክሻ ፊቷን አጥብቃ አየቻት፤ መለየት አልቻለችም። ካስቱር ጎንበስ ብላ ልጁን ከጥራጊው ላይ ስታነሣው ግን አልከለከለቻትም። የልጁን እግር የያዘው እጇ ብቻ ቶሎ አልለቀቀም።