የመሐመድዘይን አማና

«እግዜር ያጥናሽ» አሉ አያ የሻው ከደጃፉ ላይ ቆመው። ቀጥለውም ጎንበስ ብለው፣ «ሱቁ ውስጥ አንዲት የወተት ጣሳ አለችኝ» አሉ።

ሸሪፋ ቀና አለች። ባሏ መሐመድዘይን ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ስለ ሟች ደግነት ሲያወራ ቆየ እንጂ ጣሳ የጠየቀ አልነበረም።

«ምን አለባት?»

«በርበሬ» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ሸሸ።

ሱቁ የቤቱ የፊት ክፍል ነው። የሟች ወንድም ሙጃሂድ ሦስቱ ቀን ሳያልፍ አይከፈትም ብሎ የደጁንም የውስጡንም በር ቆልፏል፤ ቁልፉ ኪሱ ነው። ይህንኑ ነገረቻቸው። አያ የሻው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ድንኳኑ ተመልሰው ተቀመጡ። ሩዛቸውን አረም እየበላው ከዚያ አልተነሱም።

ቀጥሎ የሩዝ ደላላው ዘመነ መጣ። እርሱም ጣሳ አለው፤ ያለበት ምስማር ነው። ከሐሙሲት ድረስ የመጣች የማታውቃት ሴት ደግሞ ከሸሪፋ በላይ ስታለቅስ ቆየችና የእሷ ጣሳ አብሽ እንዳለበት ነገረቻት። ሸሪፋ ባሏን በልቧ ጠረጠረችው። ከሐሙሲት መጥታ ከሚስት በላይ የምታለቅስ ሴት እዚህ ቤት ያላት አብሽ ብቻ ነው ቢባል ማን ያምናል?

ረፋድ ላይ ሸክላ ሠሪዋ እታለም ደረሰች። እጇ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም።

«አንቺስ፣ ጣሳሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለቻት ሸሪፋ አስቀድማ።

እታለም ደነገጠች። ከዚያ ጎኗ ተቀምጣ በጆሮዋ ነገረቻት። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው። ቤቷ ውስጥ አማቷ የማትፈትሸው ማሰሮ የለም። በየጠዋቱ ሱቁ እየመጣች መዋጥ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ዘላ አታውቅም፤ አሁን ግን ሁለት ቀን ሆናት።

«ከእኔ በቀር ያለ አልመሰለኝም» አለች። «ሌላው ማን ነው?»

«ማንም» አለች ሸሪፋ። ስለ ሐሙሲቷ ሴት ያሰበችው አሳፈራት።

ያን ጊዜ ውኃው ትዝ አላት። በየጠዋቱ ሰዎች እየገቡ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይጠጣሉ፤ ምንም ሳይገዙ ይወጣሉ። «ሱቅ ነው የከፈትከው ወይስ ምንጭ?» ትለው ነበር። ውኃ ማጠጣት ሰደቃ ነው ይላታል። ብርጭቆውን የምታጥበው እሷ ነበረች፤ ሰደቃው ግን የእርሱ።

የጤና ባለሙያዋ ፀደይ ስለ ቫይረሱ የሚያስተምር ወረቀት ሱቁ ላይ ልትለጥፍ ስትመጣም እምቢ ብሏታል። ወረቀት ከተለጠፈ፣ የሚገባውን ሰው ሌላው ይቆጥረዋል ነበር ያለው። የሰፈሩ ሰው ፈሪ አለው። ሸሪፋም ፈሪ ብላዋለች። የአጎቱን ልጅ የታጁን ነገር አላሰበችውም ነበር። ታጁ መድኃኒቱን ሩዝ ገለባ ክምር ውስጥ ደብቆ ላም ከነላስቲኩ በላችበት። ሌላ ስጡኝ ማለት አፍሮ ቀረ። ላሟ ከረመች፤ ታጁ አልከረመም።

ሙጃሂድን አስጠርታ ቁልፉን ጠየቀችው። የባሏ አፈር ሳይደርቅ ንግድ ጀመረች ያሰኛል ብሎ ከለከላት። ምክንያቱን ልትነግረው አትችልም፤ ምሥጢሩ የእሷ አይደለም።

«አማና ነው» አለችው። «ሰው አደራ ያስቀመጠው ዕቃ አለ።»

ሙጃሂድ ቀጥ አለ። የሟች አማና ሳይመለስ መዋል እንደሌለበት ያውቃል። ዳሩ ግን ነገር ሁሉ በወጉ ካልሆነ የማይወድ ሰው ነው። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በመስጠት ፈንታ እንደያዘው ድንኳኑ መሀል ገብቶ ቆመ። ወንድሙ ዘንድ አማና ያለው ሁሉ እንዲነሣ፣ ምን እንደሆነም በሰው ፊት እንዲናገር በታላቅ ድምፅ ለፈፈ።

ከስልሳ ሰው አንድም የተነሣ የለም። ዘመነ የጫማውን ክር ፈታ፤ መልሶ አሰረው። አያ የሻው የድንኳኑን ምሰሶ እንደሚገዙት በሬ ከታች እስከ ላይ መረመሩት። የሐሙሲቷ ሴት ነጠላዋ ውስጥ ጠፋች።

«ከሌለ እሰየው» አለና ሙጃሂድ ቁልፉን ወደ ኪሱ ሰደደ።

ሸሪፋ ከደጃፉ ሆና ታያለች። ቁልፉ ኪሱ ከገባ ሦስተኛውም ቀን ሊዘለል ነው።

እታለም ተነሣች። «እኔ አለኝ።»

«ምን?»

«የኤች አይ ቪ መድኃኒቴ።»

ከጠዋት ጀምራ ስታንሾካሹክ የነበረችው ጎረቤቷ ደብሬ አፏን እንደከፈተች ቀረች። እታለም ዞር ብላ አየቻት።

«ሸክላ ሠሪ እያልሽ ማማቱ ሰልችቶሽ ይሆናል፤ እንኪ አዲስ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ይኼኔ አያ የሻው በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። ምን እንዳላቸው ሲጠየቁ እታለምን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ።

«ምስማር» አሉ።

ዘመነ ምስማሩን ስለተቀማ ግራ ገባው። ተነሥቶ አብሽ ነው አለ። ለሐሙሲቷ ሴት በርበሬው ደረሳት።

ሙጃሂድ አንዱን ካንዱ ያያል። ወንድሙ ምስማርና አብሽ ጠባቂ እንደነበር ገና መስማቱ ነው። ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ምስማር ሲቆይ ይዝጋል» አሉ። «ክፈትላቸው።»

ሌላ የጠየቀ የለም።

ጣሳዎቹ ከሻይ ካርቶኑ ኋላ ተደርድረው ነበር። ስም የላቸውም። መሐመድዘይን በየክዳናቸው ሥዕል ሥሎባቸዋል፤ ማሰሮ፣ ሚዛን፣ ጃንጥላ፣ በሬ። አያ የሻው የራሳቸውን አንሥተው ለእታለም አሳዩአት።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ውሻ ነው ስለው በሬ ነው እያለ ተሟገተኝ። እስቲ አንቺ ፍረጂ።»

እታለም አስተውላ አየችው። «ውሻ ነው» አለች።

አያ የሻው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው እንክብላቸውን ዋጡ።

በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ፈረሰ። ሙጃሂድ ቁልፉን ሸሪፋ መዳፍ ላይ አኖረው። ሱቁ ሲከፈት ዘመነ ያን ቀን የወሰደውን ጣሳ በፌስታል ይዞ መጣ። ሚስቱ የማታገኘው ቦታ ፈልጎ አጥቷል፤ እዚሁ ትሁንልኝ አለ። የሐሙሲቷም ሴት እንደ ቀድሞው በየገበያው ቀን የሳምንቷን ልትወስድ መለሰች። አያ የሻውም መለሱ። እታለም ብቻ አልመለሰችም። ጣሳዋን ከምትሸጣቸው ማሰሮዎች በላይ ጭና በገበያው መሀል አለፈች አሉ።

ሸሪፋ ጣሳዎቹን ደረደረች። ከዚያ ከባንኮኒው ኋላ ባሏ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ወጣች። መሐመድዘይን ረጅም ሰው ነበር። የእሷ እግር መሬት አልደረሰም።

ሙጃሂድ አይቶ፣ «አጠር ያለ ላምጣልሽ?» አላት።

«ተወው» አለች። ሻሿን አስተካከለች፤ እግሮቿ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ።