ጠብቆ የሚነበብ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ዘበኛው ሁሉም «ጋሼ አራት ነጥብ» ይሏቸዋል። እሳቸው አንዴ ከተናገሩ በቃ፣ ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት እርማት ክፍል ተቀምጠው የሰው ስህተት ሲለቅሙ ኖረዋል። አንዲት ነጥብ ብትጎድል እንቅልፍ የሚወስዳቸው አይመስልም።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንዱ የደራሲውን ረቂቅ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የታተመውን ይከተላል። የዛሬዋ አንባቢ ባሏን ከቀበረች ሁለት ወር ያልሞላት አራሚ ናት፤ ቀዩን እስክሪብቶ የያዙት ደግሞ ጋሼ ናቸው። ይህን ምዕራፍ ሳትሳሳትና ድምፅዋ ሳይሰበር ካልጨረሰች፣ ዐሥር ዓመት የወደደችውን ሥራ ልትለቅ ለራሷ ቆርጣለች። ለማንም አልተናገረችም።

ጀመረች። ከወለሉ ሥር የማተሚያው መኪና ያጉረመርማል፣ የከሰዓት ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ልብ ወለዱ ውስጥ ወሬ የማይጠግብ ሰውዬ አለ፤ በየመስመሩ አንድ ነገር ሳይተነፍስ አያልፍም።

«‹መሸ እኮ› አለ» ብላ አነበበች።

ላልቶ የሚነበበውን ‹አለ› አጠበቀችው። ተናገረ ማለት መሆኑ ቀርቶ፣ አልሞተም፣ እዚህ ነው እንደ ማለት ሆነ። እሷ ግን አልታወቃትም። ብቻ ባሏ በበሩ ገባ።

«‹በሩን ዝጊው› አለ።» ኮቱን ሰቀለ።

«‹ዛሬ ደክሞኛል› አለ።» መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

ድምፅዋ ለብ እንዳለ ውሃ ይፈስሳል፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ቀልሏት አያውቅም። ገጽ በገጽ ላይ ተገለበጠ። እሱ እግሩን ዘርግቶ ያዳምጣታል፤ አንዳንዴም የሰውዬው ወሬ እያሳቀው ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ደስ አላት። ቀኑ እንዲህ እንዳለ ባያልቅ ወደደች።

ምዕራፉ ሊያልቅ ሁለት ገጽ ሲቀረው ጆሮዋ አፏን ያዘው። ክው ብላ ቀረች። ወንበሩ ባዶ ነበር።

«ጋሼ፣ ስንቱን ነው ያጠበቅኩት?»

«ሁሉንም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ? እርስዎ እኮ ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ሰው የሚያስለቅሱ ሰው ነዎት!» እንባዋ ወረደ። «በቃ፣ አልቻልኩም። ሥራውን እለቃለሁ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ፊደሉ ያው አንድ ነው ልጄ። ወረቀቱ ላይ የሚታረም ነገር አላየሁም።» ከልማዳቸው ውጪ ጨመሩ። «ባለቤቴ የሞተች ጊዜ እኔም ‹አለች›ን እንዲሁ ነበር የማነበው። ያኔ እዚህ ሆነው የሚከተሉልኝ ሴትዮ አንድ ቀን እንኳ አላረሙኝም።»

«መቼ ተዉት ታዲያ?»

«ተውኩት ያለሽ ማነው?»

ዐሥር ዓመት አብራቸው ስትሠራ አንድም ቀን ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰምታቸው አታውቅም። ምክንያቱ አሁን ገባት።

ጋሼ ቀዩን እስክሪብቶ ወደ እሷ ገፋ አድርገው ረቂቁን ከእጇ ወሰዱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና የቀረውን ገጽ ጀመሩ። ገና ከሁለተኛው አንቀጽ ላይ የወሬኛው ሚስት ብቅ ትላለች።

«‹ስጠብቅህ ነበር› አለች» ብለው አነበቡ፣ አጥብቀው። ቀና ብለው አዩዋት።

እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳች።

«ልክ ነው ጋሼ፣ ይቀጥሉ» አለች።