ቀስቷ የምታመለክተው ማሳ

ሀሚዳ ወረታ ዳር ባለ የሩዝ ሙከራ ጣቢያ የመረጃ ሠራተኛ ናት። ሚሌኒየሙ ካለፈ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ዛሬ የጣቢያው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጡ ተደምስሶ ለሌላ መሥሪያ ቤት ሊሰጥ ነው፤ የሚወስደው መኪና ደጅ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ውስጡ ያለው የሰባት ዓመት የፎገራ ሩዝ ልኬት ግን እስከ ዛሬ ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

እሷ ሥራዋን ጨርሳ ደስ ብሏታል። "በገበሬ" የሚለውን ፎልደር አሮጌው ላይ በሰካችው አዲስ ዲስክ ገልብጣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ዝርዝሩን ብታስወጣ፣ የስልሳ ሦስቱም ገበሬ ስም ድርድር ብሎ መጣ። እዚህ ጣቢያ ማሳ የሚጠራው በቁጥር ሳይሆን በባለቤቱ ነውና፣ ስሙ ካለ ሁሉም አለ ማለት ነው።

"እንግዲህ ልደምስሰው" አለ አለቃዋ አስማረ፣ ከአሮጌው ጋር በተያያዘ ሁለተኛ ስክሪን ላይ ትእዛዙን ጽፎ ጣቱን ቁልፉ ላይ እያሳረፈ።

ይሄኔ ከስልሳ ሦስቱ አንዱ፣ አቶ አዛናው፣ ጭቃቸውን ሳይታጠቡ ገቡ። "ልጄ፣ ሳይሄድብኝ የኔን እስቲ አሳዪኝ። በየትኛው ዓመት ነው ማሳዬ አብዝቶ የሰጠኝ?"

ዲስኩ ላይ ያለውን ስም ስትነካው ወለል ብሎ ተከፈተ። "አየሽ!" አለ አስማረ። ሀሚዳ ግን መቼ እንደተጻፈ ለማየት ረጅሙን ዝርዝር ብታስወጣ ክው አለች። በየመስመሩ መጀመሪያ ኤል የምትባል ፊደል ተገትራለች፤ ከስሙ ቀጥሎ ቀስት፣ ከቀስቷ ወዲያ የአሮጌው ኮምፒውተር አድራሻ። የአዛናው መጠንስ? ሠላሳ አንድ ባይት! ሰባት ዓመት ሩዝ በሠላሳ አንድ ፊደል!

"ጋሼ አስማረ፣ እንዳይነኩት! ሊንክ ነው! ዲስኩ ላይ ያለው ጠቋሚው ብቻ ነው፤ አሁን የከፈትነው ፋይል አሮጌው ላይ ነው ያለው!"

አስማረ እሳት እንደነካው ሰው ጣቱን አነሳ። "ማነው እንዲህ ያደረገው?"

ሀሚዳ ፊቷ ጋለ። ገበሬዎቹ በስማቸው ሲጠይቋት ቶሎ እንድታገኝላቸው ብላ ሊንኮቹን የደረደረቻቸው ራሷ ነበረች። አጭሩ ዝርዝር ስሙን እንጂ ቀስቷን እንደማያሳይም የረሳችው እሷው ናት።

"እኔ ነኝ" አለች።

ቀስቶቹን እየተከተለ እውነተኛውን ፋይል እንዲያመጣ ቅጂውን እንደገና አዘዘች። ሾፌሩ ጡሩምባውን ቢያንባርቅ ማን ሰምቶት! ሲያልቅ ዲስኩን ነቅላ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካችው። ረጅሙን ዝርዝር ብታስወጣ፣ ኤሏ ጠፍታ በቦታዋ የእውነተኛ ፋይል ምልክት የሆነችው ሰረዝ ገብታለች። የአዛናውን ከፈተች።

"በዘጠና ሰባት! ሃምሳ ሁለት ኩንታል በሄክታር!" ብላ ጮኸች።

"አሁንስ ከየት ነው ያነበብሽው?" አሉ አቶ አዛናው፣ ዓይናቸውን ከአሮጌው ሳይነቅሉ።

"ከዚሁ ከዲስኩ ነው አባባ፣ ከዚሁ!"

አስማረ ከወንበሩ ተነስቶ ለቀቀላት። ሀሚዳ ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ሄዳ የመደምሰሻውን ቁልፍ ራሷ ተጫነችው።