ቀባ ማለት ያዙ ነው

ኮላ ደግ ነው። ቀብተህ፣ እንጨቱን ገጥመህ፣ ከተጣመመ አቃንተህ፣ በሞርሳ ጠፍረኸው ሻይህን ጠጥተህ ትመለሳለህ። ከሁሉ በላይ ግን ኮላ «ምን አልክ?» ለማለት ጊዜ ይሰጣል። ይሄ ሱፐር ግሉ የምንለው ፈጣኑ ማጣበቂያ ግን አስር እስኪቆጠር ብቻ ነው የሚታገሥህ። ከዚያ በኋላ ያዘ፣ ያዘ ነው። እኔ አልወደውም። እኔ ደክሞኛል፣ እሱ ይቸኩላል።

አዜብ እባላለሁ። ጎባ ገብተህ «አናጢዋ የታለች?» ብትል ማንም ቤቴን ያሳይሃል። ባለቤቴ ገብረወልድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሞት የመጋዝ ማሽኑንና ቱሉን ትቶልኝ ሄደ። ቱሉ አብሮት የሚሠራ አናጢ ነበር፤ ይሄው አሥራ ሰባት ዓመት ከኔ ጋር አለ። ከአፉ ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም፤ አንዳንዴ ይሄው ራሱ ያናድደኛል።

ግራ ጆሮዬ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ቀኙም እየተከተለው ነው። ከባለቤቴ ጊዜ ጀምሮ ሃያ ምናምን ዓመት እዚያ ማሽን ሥር ጆሮዬን ሳልሸፍን ከቆምኩ በኋላ ምን ይጠበቃል? ለማንም ግን አልተናገርኩም። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። ያልገባኝን «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። ዕድር ላይ ግድግዳውን በግራዬ አድርጌ እቀመጣለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ስመለከት ውዬ ማታ ዓይኔ ይቃጠላል። መስማት እንዲህ ያደክማል ብሎ የነገረኝ የለም።

የደበቅኩት በአምባዬ ምክንያት ነው። አምባዬ ከኔ ጋር የሚሠራ ጎበዝ አናጢ ነበር፤ እድሜው ሲገፋ ጆሮው ደከመ። አንድ ቀን ቱሉ «አጥፋው! አጥፋው!» እያለ ሲጮህ አልሰማው፤ የቱሉ እጅጌ በመጋዙ ተይዞ ክንዱ ለጥቂት ተረፈ። በማግስቱ አምባዬን ደንበኛ በተሞላ ግቢ ውስጥ ጠርቼ «ጆሮ የሌለው ሰው ማሽኔ ላይ አይቆምም» አልኩት። «ምን አልሽ?» አለኝ። ደግሜ፣ ጮክ ብዬ ነገርኩት። የሱን ፊት ዛሬም አየዋለሁ። እና አሁን «እኔም አልሰማም» ብዬ ልናገር? ማሽኑን ከወሰዱብኝ ምን ይቀረኛል? ከእንቅልፌ ስነሳ የምሄድበት ሌላ ቦታ የለኝም።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ሮቤ፣ ከሚላ ቤት ነበርን። ከሚላ ከስልጤ መጥታ ጨርቅ የምትነግድ ሴት ናት፤ አዲስ ቤት ሠርታ የሳሎኑን በር ዙሪያ በዋንዛ እንድናስጌጥላት ጠራችን። ጠርዞቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ። ሦስቱም ከአንድ ጣውላ የወጡ ስለሆኑ መስመራቸው ተከታትሎ በሩን ይዞራል። አንዱ ከተበላሸ ምትክ የለውም። ቀጭን ስለሆኑ ደግሞ ሚስማር ይሰነጥቃቸዋል፤ ያለው አማራጭ ያ ችኩል ማጣበቂያ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እኔ በጠርዙ ጫፍ ላይ ማጣበቂያውን እቀባለሁ፤ ቱሉ በሚገጥመው በወዲያኛው ጫፍ ላይ ማጣበቂያውን ቶሎ የሚያስይዘውን ማድረቂያ ይነፋል፤ ገጥመን እይዛለሁ፤ እሱ «ቀባ!» ይላል። በኦሮምኛ «ያዙ» ማለቱ ነው፤ ለእኩያው ቢሆን «ቀቢ» ይል ነበር። እኔ በቋንቋው ከሱ አላንስም፣ ጎባ ነው ያደግኩት። ከዚያ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያለ እስከ አስር ይቆጥራል። ቱሉ ሲሠራ አፉ በአማርኛ ቆጥሮ አያውቅም።

ሁለቱ ቋሚዎች በሰላም ገቡ። የአግዳሚውም አንዱ ጫፍ ገባ። የመጨረሻው ማዕዘን ቀረ። እዚያ ጋ በሩ ከግድግዳው ጥግ ስለሚገናኝ ለቱሉ በቀኜ የሚቆምበት ቦታ አልነበረም፤ መሰላሉን በግራዬ አቆመ። ከጎረቤት ወፍጮው ይጮሃል። እጄ ዝሏል፣ ወገቤ ተቆርጧል። ጫፉን ቀብቼ ገጠምኩት። ቱሉ አንድ ነገር አለ።

እኔ የሰማሁት «ቅቢ» ነው። ቅቢ! ጨምሪበት፣ አልበቃውም ማለቱ መሰለኝ። ዞሬ አፉን አላየሁ፤ «ምን አልክ?» እንዳልል ጊዜ የለም። አንድ እጄን ለቅቄ ጠርሙሱን ሳነሳ ጠርዙ ተንሸራተተ። መልሼ ብይዘው ነክሷል። ማዕዘኑ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አፉን ከፍቶ ቀረ።

ክው አልኩ። ዞር ስል ከሚላ ከጓዳው በር ላይ ቆማ እያየችን ነው። ያኔ ያደረግኩትን ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ የምትለኝ?» ብዬ ጮህኩበት። «ደግሞ ያዢ በሚባልበት ሰዓት ቅቢ ይባላል? ራስህ አበላሽተኸው!»

ቱሉ አየኝ። ከሚላን አየ። ከመሰላሉ ወርዶ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ይቅርታ እትዬ፣ የአፍ ስህተት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፤ ወደ ከሚላም ዞሮ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አላት። ከዚያ ስስ መሮ መኪና ተራ ካለው ወዳጁ ሊዋስ ወጣ።

መሰላሉ እግር ሥር ተቀመጥኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አመለጥኩ አይደል? ከሚላ ውሃ አምጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ልትናገር ፈልጋ ትፈራለች። ወፍጮው ለአፍታ ዝም አለ።

«እትዬ አዜብ፣ አይቆጡኝና» አለች፤ ቀስ ብላ፣ አፏን እያሳየችኝ። «ሰውየው አንቺ አላለዎትም። ‹ቀባ› ነው ያለው፣ በአክብሮት። ሦስት ጊዜ ነው የጮኸው፣ ወላሂ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።»

ጓዳ ሆና! ከወፍጮው ጋር! እኔ ክንዱ ትከሻዬን እየነካኝ አልሰማሁም።

«እና ለምን ይቅርታ ጠየቀኝ?» አልኳት። ጥያቄው የጅል ነበር። እሷም ብርጭቆውን ተቀብላኝ ገባች።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ተራ በተራ መጣብኝ። ቱሉ ሁልጊዜ በቀኜ ነው የሚቆመው። ታክሲ ስንሳፈር በቀኜ ይቀመጣል። ማሽኑን ሳስነሳ የሱ እጅ ከማጥፊያው ርቆ አያውቅም፤ እኔ ደግሞ «ሥራ ፈት፣ ምን ያስቆምሃል እዚህ?» እያልኩ እሰድበው ነበር። ኧረ የት ልግባ! ያ ሰው አንዴ በማሽን ክንዱን ሊያጣ የነበረ ሰው ነው። እያወቀ፣ በኔ ደንቆሮነት ሥር በየቀኑ እጁን እያስገባ ሠርቷል። እኔን ላለማዋረድ!

ሲመለስ መሮውን አቀበለኝ። ይሄ ማጣበቂያ ስትጎትተው አይለቅም፤ በጎን በኩል አንዴ ቀልጠፍ አድርገህ ስትመታው ግን ክሽ ይላል። መታሁት፤ ለቀቀ፤ ትንሽ ስባሪም ይዞ መጣ። የደረቀውን ማጣበቂያ ፋቅን።

«ቱሉ» አልኩት። «ግራ ጆሮዬ አይሰማም።»

መሮውን እየጠረገ ነበር። ቀና አላለም።

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ አልኩህ!»

«ወንበር ሊገዛ ለመጣው ሰውዬ የበር ዋጋ ሲነግሩት ጊዜ» አለ፤ ፈገግ ሊል ቃጣውና ተወው። «ሦስት ዓመት ይሆናል።»

መሳቅ አማረኝ፣ ማልቀስም አማረኝ። ለሁለቱም አቅም አልነበረኝም።

«ስትፈልገኝ ትከሻዬን ምታ» አልኩት። «አትጥራኝ።»

እንደገና ቀባሁ፣ እሱ ነፋ፣ ገጠምን። ትከሻዬን አንዴ መታ አደረገው፤ ያዝኩ። ጥርሴን ነክሼ፣ ትንፋሼን ውጬ ያዝኩ። ሲቆጥር አልሰማሁትም። መያዜን ብቻ ቀጠልኩ፤ አስር አልፎ፣ ሃያም አልፎ ይሆናል። በኋላ የሱ እጅ መጥቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከእንጨቱ ላይ አነሳቸው። አፉን አየሁት። «ይዟል፣ ይልቀቁት» ነው የሚለው። ስባሪው የነበረበትን ጉድጓድ በዋንዛ ሰጋቱራ ሞልቶ አንድ ጠብታ ጨመረበት። ሲያሸው የት እንደነበረ ጠፋኝ። ከሚላ ወጥታ «ማሻአላህ» ብላ በእጇ ዳሰሰችው።

ማምሻውን ወደ ጎባ በሚኒባስ ስንመለስ ሰው ጢም ብሏል። ግራና ቀኙ የተሰበሰበ የስንዴ ማሳ ነው። ቱሉ እንደልማዱ በቀኜ ተቀምጧል። ሮቤን እስክንወጣ ታገሥኩ፤ ከዚያ መታገሥም ደከመኝ።

«ቱሉ፣ ጆሮ የሌለው ሰው ማሽኔ ላይ አይቆምም።»

«ምን አሉ?» አለኝ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ።

ሰምቶኛል። ጆሮው እንደሆነ ከኔ ይሻላል። እንዳልደግመው ብሎ ነው። ፊት ያሉት ሴትዮ ዞረው እያዩኝ፣ ደግሜ፣ ጮክ ብዬ ነገርኩት።