ውርጭ ያሳደገው ወይን

በጋዝጊብላ ደጋ ጠላ ጠምቆ ስም ማውጣት ቀላል አይምሰላችሁ፤ ብርዱ እርሾውን ያስተኛዋል። ይታየሽ ግን ስም አውጥታለች። ሰው ከገበያ ሲመለስ መንገዱን አጣሞ በእሷ ደጅ የሚያልፈው ለሰላምታ አይደለም። እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ትሕትና ሲታደል ይታየሽ ጌሾ እየወቀጠች ሳይሆን አይቀርም ያመለጣት። ጠላዋን የሚያመሰግን ሲገኝ “አውቃለሁ” ትላለች፤ በቃ፣ ሌላ የላትም።

በመጠጥ ዳኝነትም የሚስተካከላት የለም። “አፍ ይዋሻል” ትላለች። “ቀማሽ ግሩም ነው ቢልህ አትመነው። እጁን እየው። ማንም ጠጣ ሳይለው እጁ ወደ ዋንጫው ከተመለሰ፣ መጠጡ መጠጥ ነው።” ይህን ያልሰማ ጎረቤት የለም፤ የሰለቸውም ብዙ ነው።

እንግዲህ ጉድ የመጣው በዚች ሴት ጓሮ ነው። ያመጣው ደግሞ የገዛ ልጇ ይሄይስ።

ይሄይስ ወደ ቆላ ወርዶ በአንድ የወይን እርሻ ሲሠራ ቆይቶ ነበር የተመለሰው። የመጣ ዕለት እናቱን በወጉ ስሞ እንኳ ሳይጨርስ ወደ ቤቱ ጀርባ ዞረ። እዚያ ከትልቁ ዐለት ሥር አንዲት የወይን ሐረግ አለች። ፀሐይ ዘግይቶ ደርሶ ቶሎ የሚሸሽበት፣ ኅዳር ሲመጣ ጧት ጧት በውርጭ የሚነጣ ቦታ ነው። ፍሬዋ ጥቃቅን፣ ጥቁር፣ ጎምዛዛ ነበር። ይሄይስ አንድ ዘለላ ቆርጦ በላና ዐይኑን ጨፈነ።

“እማ! ይኼ እኮ ወርቅ ነው!”

“ወርቅ ከሆነ ወፎቹ ለምን አይሰርቁትም?” አለችው ይታየሽ።

ሳቀባት። ከዚያ ያቺን ሐረግ እንደ ሙሽራ ተንከባከባት። ፍሬዋን ለቅሞ፣ ጨምቆ፣ ከነገለባው አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ መፍላቱን ሲጨርስ በነጭ ጀሪካን ከተተው። ጀሪካኑን በዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ አስቀምጦ እርጥብ ማዳበሪያ አለበሰው። “እስከ አስተርእዮ ማርያም ማንም እንዳይነካው” አለ፤ ማንም ሲል ማንን እንደሆነ በዐይኑ እያሳየ።

ለአስተርእዮ የሚመጣው አቶ ካሤ ነው። ሰቆጣ ላይ ሆቴል አለው፤ ለእንግዶቹ ቀይ ወይን ከሩቅ እያስመጣ፣ ግማሹ በመንገድ እየተሰበረበት ሲማረር ይሄይስ ሰምቶታል። ልጁ ለእናቱ የተናገረው ቁርጥ ያለ ነበር። ካሤ ከወደደው እዚሁ ይቀራል፤ የዐለቱን ሥር ሁሉ ወይን ያለብሰዋል። ካልወደደው ግን ከጓደኞቹ ጋር በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል። ለዚያም ጥቁር ቦርሳውን አዘጋጅቶ ከበሩ አጠገብ ካለው ኩላብ ላይ ሰቅሎታል።

ይታየሽ ያንን ቦርሳ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ታላቂቱ ልጇ ትግስት በዚያው መንገድ ነው የሄደችው። አሁን በሰው ቤት፣ በሰው አገር፣ እሑድ እሑድ በስልክ የምትሰማ ድምፅ ብቻ ሆናለች። ድምፅ ደግሞ አይታቀፍ። “አንዷን ወሰዱብኝ፤ ይኼኛውንስ ሞቼ ልገኝ” ትላለች ይታየሽ ብቻዋን ስትሆን፤ እሱንም በቤት ቋንቋዋ በኽምጥኛ ነው የምትለው፣ የሆዷን የምትናገረው በእሱ ነውና።

ታዲያ እንዲህ የሚያሳስብ ነገር ስንጥቅ ውስጥ ተቀምጦ፣ ይታየሽ ሳትቀምሰው ትቅር? እናንተስ ብትሆኑ? ይሄይስ ገበያ የሄደ ቀን ጀሪካኑን ከፍታ በብርጭቆ ቀዳች።

መጀመሪያ መልኩን አየች። ቀይ ነው፤ ግን ስስ ቀይ፤ ከበስተጀርባው የገዛ ጣቷ ይታያታል። “ቅራሪ!” አለች። ቀመሰችው። ምላሷን ከዳር እስከ ዳር ጨመደደው። ጣፋጭ የሚባል ነገር አልዞረበትም።

“ኮምጥጧል! ልጄን ጉድ ሠራው!”

አትፍረዱባት። በጠላ ቤት የኮመጠጠ መጠጥ የሞተ መጠጥ ነው፤ ለእንግዳ ማቅረቡ ቀርቶ ማየቱም ያሳፍራል። ይሄይስ ግን ቀደም ብሎ ነግሯት ነበር። “የቀዝቃዛ አገር ወይን እንዲህ ነው፣ እማ። ሌሊቱ ስለሚበርደው ፍሬው አይቸኩልም። ስኳሩ ትንሽ፣ ኮምጣጣነቱ ብዙ፣ ሽታው ግን ልዩ ነው። ቆላ ያለው ቶሎ ይበስላል፤ ወፍራምና ጣፋጭ ነው፤ እንዲህ አይሸትም።” እሷ ግን ያን ጊዜ ብቅል እያሰጣች ስለነበር ጆሮ ዳባ ልበስ ብላዋለች።

የጥምቀት ዕለት አገሩ ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ወጣ። ይታየሽም ወጥታ፣ ከዘፈኑ መካከል ድንገት ጉልበቷን ያዘች። “ውይ፣ ውይ! እኔ ቤት ልግባ፣ እናንተ ተጫወቱ” ብላ እያነከሰች ተመለሰች። የመንደሩ መታጠፊያ ከጋረዳት በኋላ ማነከሱን ረሳችው።

ሥራዋን ታውቃለች፤ የኮመጠጠውን በማር ልታቀና ነው። እንስራዋን በወይራ አጠነች፤ ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ መጠጥ የሚጨምር እሷ ዘንድ ሰው አይደለም። የይሄይስን ወይን ከጀሪካኑ ወደ እንስራው ልትገለብጥ ስትል፣ የሚጨመረው ማር ቦታ እንደሚፈልግ ትዝ አላት። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ የአረቄ ጠርሙስ ሙሉ ቀነሰችለት። መድፋት ግን አልቻለችም፤ መጠጥ መሬት ላይ ማፍሰስ በእናቷም ቤት ነውር ነበር። ጠርሙሱን ወትፋ ስንጥቁ ጥግ ወሸቀችው። የቀረውን በእንስራው አድርጋ፣ ነጭ ማሯን ሳትሰስት፣ የጌሾ ውኃ ደግሞ በመጠኑ ጨመረች። አማስላ ቀመሰችው። “አሁን ሰው ሆንክ” አለችው። መልሳ በጀሪካኑ ሞልታ፣ ክዳኑን ባለ በሌለ ጉልበቷ አጠበቀችውና ማዳበሪያውን አለበሰችው። እመቤቴ ማርያምንም ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ለጉልበቷ ውሸት ብቻ።

ማር ግን ማር ነው፤ ዝም ብሎ አይተኛም። ይታየሽ ከቀናት በኋላ ማዳበሪያውን ገለጥ ብታደርግ፣ ጀሪካኑ እርጉዝ መስሎ ተነፍቷል። ክው አለች። ክዳኑን ትንሽ ልታላላው ስትሞክር አልንቀሳቀስ አላት፤ ራሷ ነበረች ያጠበቀችው። “ደርቷል፣ ፈልቷል፣ ጥሩ ምልክት ነው” ብላ ራሷን አጽናንታ ሸፈነችው።

አስተርእዮ ደረሰ። አቶ ካሤ እንደ ወተት የነጣ አዲስ ጋቢ ደርቦ፣ ጺሙን ተስተካክሎ መጣ። ወሬ ይወዳል፤ ከተቀመጠበት ጊዜ አንስቶ ስለ ወይን ሲያስረዳቸው ቆየ። “ወይን ማለት፣ ወይዘሮ ይታየሽ፣ የበቀለበትን ድንጋይ ይናገራል። አንድ የውጭ አገር እንግዳ ነው የነገረኝ።”

“ድንጋያችን ደግሞ ወሬኛ ነው” አለችው ይታየሽ።

ይሄይስ ጀሪካኑን አቅፎ ገባ። መነፋቱን አይቶ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር፤ በእንግዳ ፊት ግን ምን ይበል? ካሤ ፊት ለፊት አስቀምጦ ክዳኑን በሁለት እጁ ጠመዘዘው።

ጉድ በል ሰቆጣ! ጀሪካኑ አንዴ ጮኸ፣ ከዚያ ቀዩ አረፋ ጣራ ነካ። ሲመለስ ያረፈው በካሤ ላይ ነው፤ በጋቢው፣ በግንባሩ፣ በዚያ በተስተካከለው ጺሙ። ነጩ ጋቢ የሰማዕት ልብስ መሰለ። ከጣራው ገና ጠብ ጠብ ይላል።

ካሤ ጺሙን ላሰ። ደግሞ ላሰ።

“እሰይ!” አለ። “ይኼ ነው እንጂ! ይጣፍጣል፣ አፍንጫ ይኮረኩራል! እንዲህ ጭስ ጭስ የሚለው ነገር ከድንጋዩ ነው አይደል? አላልኳችሁም!”

ይታየሽ ሳል ያዛት።

አንጀቷ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ወደደው! ልጇ ቀረላት! ዞር ብላ ይሄይስን አየችው። ይሄይስ ግን አልሳቀም። ጣቱን ጀሪካኑ አፍ ላይ ነክሮ ቀመሰና ወደ እሷ ቀና አለ። ወይራ፣ ማር፣ ጌሾ። የእናቱን እጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

“ጋሼ ካሤ” አለ ቀስ ብሎ፣ “ይኼ የእኔ ወይን አይደለም። የእናቴ ጠጅ ነው፤ የእኔን ውስጡ አስጥማዋለች።” ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደና ቦርሳውን ከኩላቡ አወረደ።

“የማንም ይሁን የማን፣ እኔ እገዛዋለሁ!” አለ ካሤ፣ ወደ ይታየሽ እየዞረ። “ወይዘሮ ይታየሽ፣ እርስዎ ይሥሩልኝ፤ በየወሩ ይላኩልኝ!”

በሌላ ቀን ቢሆን “አውቃለሁ” ብላ ደረቷን ትነፋ ነበር። ዛሬ ግን ዐይኗ ቦርሳው ላይ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ? እሷ አፈሰሰች፤ የሚለቀምም አልመስል አላት። “የእኔ መጠጥማ ምንጊዜም አለ፣ አቶ ካሤ” አለች። “የመጡት የልጄን ሊቀምሱ ነው። አንተ ልጅ፣ ቁም! ኮመጠጠ ብዬ ነው። እንግዳው ይንቅሃል፣ ትሄድብኛለህ ብዬ ነው። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው ያበላሸሁት!”

ይሄይስ ቦርሳውን እንደያዘ ቆመ። አልወጣም።

ያን ጊዜ ጠርሙሱ ትዝ አላት። በጥምቀት ያነከሰችበት ጉልበት አሁን እንደ ሚዳቋ ፈናጠራት። ከስንጥቁ ጥግ የአረቄውን ጠርሙስ መዝዛ፣ እያለከለከች ገብታ ለካሤ በንጹሕ ብርጭቆ ቀዳችለት። ጠርሙሱ በዐለቱ ብርድ ቀዝቅዞ ላብ አውጥቷል።

ካሤ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሣው። “ይኼማ ቀጭን ነው።” ቀመሰ። ፊቱ ተጨማደደ። “ውይ! ይኮመጥጣል። አይ፣ ይኼማ እንኳን ለእንግዳ …” ብርጭቆውን አስቀመጠው።

ይሄይስ ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ። ይታየሽ ግን የካሤን አፍ አልነበረም የምታየው።

“ሽታው እርግጥ …” አለ ካሤ፣ እጁ ወደ ብርጭቆው እየሄደ። “የቀጋ አበባ ይሸታል። ዝናብ ያባራ ዕለት ያለው ድንጋይም …” ጎንጨት አለ። “ግን ይኮመጥጣል። ሰው አይለምደውም።” አስቀመጠ። “እንዴት ነው ደግሞ ኋላ ላይ ቁንዶ በርበሬ የሚለው?” አነሣ። “ይኼ ጠባይ ከየት መጣ ግን?”

“ከእኔ ስስት” አለች ይታየሽ። “ሐረጓን ባሌ ነፍሱን ይማረውና ሲያመጣት ፀሐይ ያለበትን መሬት ጌሾዬ ይዞት ነበር። ለእሷ ቦታ የለኝም ብዬ ውርጩ ጋ ወረወርኳት። ትሙት ብዬ ነበር። አልሞት አለች፤ እንዲህ ሆና አደገች።”

“አትንኳት እንግዲህ፣ እዚያው ትሁን” አለ ካሤ። “እኔ ግን አልወደድኩትም።” ይህን ሲል ባዶውን ብርጭቆ ወደ ጠርሙሱ ዘርግቶ ነበር።

ይታየሽ ከት ብላ ሳቀች። “ይሄይስ! እጁን እየው! እጁን!”

ይሄይስ ቀና ብሎ አየ። የተዘረጋውን እጅ፣ ደም የመሰለውን ጋቢ፣ እንባና ሳቅ የተቀላቀለባትን እናቱን አየ። ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ካሤም የገዛ እጁን አይቶ አፈረ። “ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ነው የሚባለው፤ ወይንም ያወጣል መሰለኝ” አለና ጠርሙሱን ራሱ አንሥቶ ቀዳ። ሲሄድ የሚቀጥለው ምርት ሁሉ የእሱ እንዲሆን አስምሎ፣ የጋቢውን ማጠቢያ ደግሞ በይታየሽ ጠላ አስከፍሎ ሄደ።

ይሄይስ ግን እቀራለሁ የሚል ቃል አልተነፈሰም። ማታ እራቱን በልቶ ተኛ። ይታየሽም መጠየቅ ፈርታ ተኛች።

ጧት ስትነሣ መጀመሪያ ያየችው ኩላቡን ነው። ባዶ ነበር። ቦርሳው የለም፤ ልጁም የለም። “ወዮ ልጄን!” ብላ በባዶ እግሯ ወጣች፤ መንገዱን አየች፣ ሰው የለበትም። በቤቱ ጀርባ ዞረች።

ይሄይስ ውርጩ ላይ ተንበርክኮ በዐለቱ ሥር ጉድጓድ ይቆፍራል። ከጎኑ ጥቁሩ ቦርሳ አፉን ከፍቷል፤ ውስጡ በእርጥብ ማዳበሪያ የተጠቀለለ፣ ከሐረጓ ለተከላ የተቆረጠ የወይን ቁርጥራጭ ሞልቷል። ልብሶቹ የት እንደተደፉ ይታየሽ ያየችው በኋላ ነው።

እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ አላፈረችም። ስትጨርስ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች።

“ለቁርጥራጩ ሌላ ዕቃ አጥተህ ነው?”

“ይኼ ቦርሳ ሥራ ፈቶ ነበር” አላት፣ ቀና ሳይል።

“ጌሾዬን እንዳትነካብኝ እንግዲህ።”

“አንቺም ጀሪካኔን።”

“እኔ?” አለች ይታየሽ፣ እጇን ደረቷ ላይ ጭና። ከዚያ አንዱን ቁርጥራጭ ከቦርሳው አንሥታ አቀበለችው።